እትዬ ሜትር ሰው ስታሳምን

ደንበኛ ሲለየን ልኩን ይዞ ይሄዳል። የስፌት ቤታችን ሕግ ይህ ነው፤ ያወጣችውም እትዬ ናት። አንዲት ሴት ሰፈር ልትቀይር ነው፣ ወይም ሌላ ሰፊ አግኝታለች፣ ወይም ተቀይማናለች እንበል። እትዬ ሰማያዊውን ደብተር ከመሳቢያ ታወጣለች፣ የሴትየዋን ገጽ ትፈልጋለች፣ በማስመሪያ ጠርዝ አስይዛ ቀስ ብላ ትቀድና "ያንቺ ነው፣ ያዢው" ብላ ትሰጣታለች። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅጌ ርዝመት። ቀጥሎ ለሚሰፋላት ሰው የሚጠቅም ነገር ካለም ግርጌው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለች። አንዷ በር ላይ ቆማ "ግራ ትከሻዋ ይወርዳል፤ ሳይነግሯት መሙላት ነው" የሚለውን አነበበችና ተመልሳ ገባች። "ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትነግሪኝ?" አለች። እስካሁን ደንበኛችን ናት።

እትዬ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ካረፈ ከሁለት ወር በኋላ እትዬ ቤቴ መጣችና "ቁልፍ የሚተክልልኝ ሰው አጣሁ" አለችኝ። እንዳላጣች ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ከመስኮቱ አጠገብ ባለችው ወንበር ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ያለቀውን እተኩሳለሁ።

ስፌት ቤቱ ከብስክሌት ጥገና በላይ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሰው ቆሞ የሚለካበት አነስተኛ መድረክና መስተዋት አለው። በግድግዳው ላይ ጨርቅ የምንቆርጥባቸው የካርቶን ፓተርኖች በምስማር ተንጠልጥለዋል። ሌሎች ሰፊዎች መጥተው ይገለብጧቸዋል፤ እትዬ አንዱን እንኳ ከልክላ አታውቅም። አንድ ጊዜ ከገለበጡት አንዱ ተመልሶ "እትዬ፣ የብብቱን ጥምዝ ግማሽ ሴንቲ ብታወርጂው እኮ እጅ ሲነሣ ሸሚዙ አይሳብም" አላት። ሞከረችው። እውነቱን ነበር። ካርቶኑን በአዲስ ቀየረችና ማንም እንዲያየው እዚያው ሰቀለችው።

ሰው ሁሉ "እትዬ ሜትር" ይላታል፤ መለኪያው ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። ገበያም ሐኪም ቤትም ይዛው ትሄዳለች። ወንድሟን በቀበርን ቀን እንኳ አንገቷ ላይ ነበር። ማንም አልነገራትም።

ጨርቅ ቆራጫችን ጋሼ መቀስ ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከእትዬ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል፤ ሃያ ሁለቱንም ዓመት ተከራክረዋል። እኔ ስመጣ ክርክሩ ስለ እጅጌ ነበር። አሁን ስለ ስልክ ሆነ።

የስልኩ ነገር የተጀመረው በልደት ነው። አንድ ጠዋት የእትዬ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በራ። ያን ጊዜ ሁላችንም የምንጠቀምበት አፕ ፊኛ ደርድሮ "ዛሬ የወንድምሽ ልደት ነው፤ መልካም ምኞትሽን ግለጪለት!" ይላል። እትዬ አየችው፣ ስልኩን በፊቱ ደፋችው፣ የያዘችውን ቀሚስ ዘምዝማ ጨረሰች። ለእኔም በዚያው ሰዓት ደርሶኝ ነበር።

በማግስቱ የወንድሟን ገጽ ለማስዘጋት መሯሯጥ ጀመረች። መጀመሪያ ግን ጠየቀችኝ። "ያንቺም ነው፤ አይሆንም ካልሽ ይቅር" አለች። ይዘጋ አልኩ። ደብዳቤ ጻፈች፣ ማስረጃ ላከች። ምስሉ ግልጽ አይደለም ተባለ። ደግማ ላከች። ጉዳይዎ እየታየ ነው ተባለ። ከአምስት ወር በኋላ "ተዘግቷል" የምትል አንዲት መስመር መጣች። እትዬ አንብባ "የሰው ልክ ይዞ አልሰጥም የሚል ሰፊ ምን ዓይነት ሰፊ ነው?" አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ተናዳለች ማለት ነው። እሷ ስትናደድ ዓረፍተ ነገሯ ያጥራል።

በዚያ ሰሞን አንዲት ደንበኛችን ዚፕ ልታስቀይር መጣች። ኮምፒውተር አስተማሪ ናት። እትዬ በአፏ መርፌ ይዛ ጠየቀቻት።

"እነዚህ ሰዎች ግን ከምን ይኖራሉ? በነጻ ነው የሚሉን።"

"ከእኛ ነዋ፣ እትዬ።"

"ምን ሰጠናቸው?"

"ከማን ጋር እንደምታወሪ፣ ስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ምን እንደምትወጂ። ይህን የሚፈልግ አስተዋዋቂ ሞልቷል።"

"ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነዋ!"

አስተማሪዋ ሌላ አፕ እንዳለ ነገረቻት። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይመራዋል፤ ማስታወቂያ የለውም፤ ሰዎች በሚለግሱት ይሠራል። የተላከውን መልእክት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ድርጅቱ ራሱ አያነበውም። "ኦፕን ሶርስ ነው" አለች። "አሠራሩ ክፍት ነው ማለት ነው። የሚችል ሰው ያነበዋል፣ ስሕተት ካገኘ ያርማል፣ ከፈለገ ገልብጦ የራሱን ይሠራል።"

እትዬ ዞር ብላ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ካርቶኖች አየች። "እንደዚህ?"

"ልክ እንደዚህ።"

"ታዲያ ከዚህ አትጀምሪም ነበር?"

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ሰው ማሳመን ጀመረች። አላወቀችበትም። ያመነችበትን ነገር ቀስ አድርጋ መናገር አትችልም። ደንበኛ መድረኩ ላይ አቁማ፣ የቀሚሱን ጫፍ በስፒል ይዛ፣ ስለ አዲሱ አፕ ትጀምራለች። ሴትየዋ ወገቧም ጉልበቷም ላይ ስፒል ተሰክቶ የት ትሄዳለች? "እሺ እትዬ፣ አስገባለሁ" ትላለች። ቤቷ ስትደርስ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንዷማ "ምድጃ ላይ ውሃ ጥጄ መጣሁ" ብላ ከነስፒሉ ደረጃውን ወረደች። ቀሚሱን ከሁለት ሳምንት በኋላ በእህቷ ላከችው።

"አስበረገግሻቸው" አሉ ጋሼ መቀስ። "ሰው ልብስ ሊለካ መጥቶ ሃይማኖት ይቀይር?"

"እርስዎ እንኳ ቢገቡ ሌላው ይከተል ነበር።"

"እኔ? እዚህ መቶ አርባ ዘመድ ወዳጅ አለኝ። እዚያ ማን አለ? አንቺና ያቺ አስተማሪ። ባዶ አዳራሽ ገብቼ ምን ልሥራ፣ ልዝፈን?"

"የድሮው ምን እንደሚሠራ እያወቁ?"

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።"

"ሰይጣን መሆኑንማ አመኑ!"

"እኔ ምሳሌ ተናገርኩ። አንቺ ደግሞ ምሳሌም ትለኪያለሽ።"

በዓመት ተኩል ውስጥ ያሳመነቻቸው ሰዎች ዘጠኝ ነበሩ። ከዘጠኙ ሦስቱ ስልካቸውን ሲቀይሩ እንደገና ማስገባት ረሱት።

እኔን ግን አንድም ቀን አልወተወተችኝም። በድሮው አፕ ውስጥ የባለቤቴ መልእክቶች ነበሩ። የመጨረሻው "ዳቦ ልግዛ?" የሚል ነው። "ግዛ" ብዬዋለሁ። እትዬ ይህን አይታ አታውቅም፤ ግን ሰው ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ስልኬን ሰጠኋት። አስተማሪዋን ጠርታ መልእክቶቹን በሙሉ በወረቀት አሳተመችልኝ፤ ሳታነብ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ፤ ከዚያ አዲሱን አስገባችልኝ። አሥረኛዋ እኔ ሆንኩ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ ክሊኒክ ለሠላሳ ስምንት ነርሶች ዩኒፎርም አዘዘን። አዲስ ክፍል ሊከፍቱ ነው፤ የመክፈቻው ቀን ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ገጥሞን አያውቅም። ነርሶቹ በፈረቃ ስለሚሠሩ መጥተው መለካት አይችሉም፤ ልካቸውን በስልክ ይላኩ ተባለ። እትዬም ግሩፑ በአዲሱ አፕ ይሁን አለች። የነርሶቹ ኃላፊ ግድ አልነበራትም፤ እሺ አለች።

ጋሼ መቀስ ግድ ነበራቸው።

"ሥራውን ልታበላሺው ነው።"

"ካልተበላሸስ?"

"ካልተበላሸ እገባልሻለሁ። ቤተሰቤንም ይዤ እገባለሁ። ከተበላሸ ግን ስፌት ቤቱ ወደ ድሮው ይመለሳል፤ አንቺም ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አፍሽን አትከፍቺም። ለደንበኛም፣ ለጎረቤትም፣ ለእኔም።"

"እሺ።"

"ለእኔ ብለሽ አይደለም እኮ፣ ለጆሮዬ ነው።"

"እሺ አልኩ እኮ ጋሼ!"

ልኮቹ በሁለት ቀን ውስጥ ተላኩ። እዚህ ላይ ስለ ደብተሩ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እትዬ ደብተሩ ላይ የምትጽፈው በገዛ እጇ የለካችውን ብቻ ነው። ሰው የነገራትን ቁጥር አትጽፍም። "እኔ ያልለካሁት ወሬ ነው" ትላለች። ስለዚህ የሠላሳ ስምንቱ ሰው ልክ ስልኳ ውስጥ ቀረ። ደግሞም አዲሱ አፕ መልእክት በተወሰነ ጊዜ በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ይችላል። ይህን ስታውቅ እጅግ ደስ ብሏት ነበር። የሰው ወገብ የትም ሲዞር አይክረም ብላ ግሩፑን ሰባት ቀን ላይ አደረገችው። ለነርሶቹም ነገረቻቸው። ግሩፑን የከፈተችው እሷ ስለሆነች ለሌሎቹ ቢጠፋም ለእሷ የሚቀር መስሏት ነበር። ጨርቁ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ቀለሙ ተሳስቶ ተመለሰና ልኩ ተልኮ ባለቀ በስምንተኛው ቀን ደረሰ።

ያን ጠዋት ጋሼ መቀስ ጨርቁን ዘረጉ፣ ጠመኔያቸውን ሞረዱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "በይ ሜትር፣ የመጀመሪያዋን ጥሪልኝ" አሉ።

እትዬ መነጽሯን አደረገችና ስልኳን ከፈተች። ጣቷ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ።

"ኔትወርክ ነው" አለች።

ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ እንደገና ነካካችው።

"ሜትር?"

"አቤት።"

"ምን ሆነሻል?"

"ጠፍቷል።"

"ምኑ?"

"ሁሉም። ሰባት ቀን ብዬው ነበር። ዛሬ ስምንት ነው።"

ጋሼ መቀስ ጠመኔውን አስቀመጡ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጨርቁን አዩ፣ እሷን አዩ፣ "እንደተባለው ታማኝ ነው" አሉ። "ጥፋ አልሽው፣ ጠፋ።"

"ጋሼ፣ አሁን አይደለም።"

"መቼ ልናገረው ታዲያ? ሳምንት ካለፈ ይጠፋብኛል እኮ።"

እኔ ቁልፍ ወደቀብኝ ብዬ ጎንበስ አልኩ። እትዬ ግን አልሳቀችም። ከአንገቷ ሜትሩን አውርዳ በጣቷ ትጠቀልለዋለች፣ ትፈታዋለች። ለመክፈቻው ዘጠኝ ቀን ቀርቷል።

"ደግመው ይላኩልን ብንላቸውስ?" አልኩ።

"አይ" አለች። "ያልለካሁትን ልቆርጥ ነበር። ጥፋቱ እሱ ነው። የጠፋውማ ሳይሻል አይቀርም።" ከዚያም ለነርሶቹ ኃላፊ ደወለች። ድምፁን ከፍ ስላደረገችው ሁላችንም ሰማን።

"ሲስተር፣ ልካችሁን አጥፍቼዋለሁ።"

"እንዴት ማጥፋት? ስልክሽ ተሰረቀ?"

"አልተሰረቀም። እንዲጠፋ ያዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ሳልገለብጥ የተውሁትም እኔ ነኝ። ስልኩ ምንም አላጠፋም። ሦስት ቀን፣ ፈረቃ ሲቀየር ልምጣና በእጄ ልለካቸው።"

"ሠላሳ ስምንቱንም?"

"ሠላሳ ስምንቱንም።"

"እትዬ፣ የመክፈቻው ቀን ፈጽሞ አይገፋም።"

"አውቃለሁ። እሱን እንዲገፉልኝ አልጠየቅሁም።"

እትዬ ለካች፣ እኔ ጻፍኩ። አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ሰጡን። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በነጭ አንሶላ ተሞልቷል፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ነርሶቹ ከፈረቃ ወጥተው እግራቸውን እየጎተቱ፣ ወይም ሊገቡ ሲሉ እየተጣደፉ፣ አንድ በአንድ ይመጣሉ።

የመጀመሪያዋ ገና ስትገባ "ሰባ አራት ነው፣ ወገቤን ነግሬሻለሁ እኮ" አለች።

እትዬ ሜትሩን አዞረችው። "ሰማንያ ሦስት።"

"ሜትርሽ አርጅቷል፣ እትዬ።"

"ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ የኔ ልጅ። ቢለጠጥ ይቀንስልሽ ነበር።"

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ቀጥሎ የገባው ወንድ ነርስ ደረቱን መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ልኮ ነበር፤ ራሱ ነው የነገረን። ዘጠና ስምንት ሆኖ ተገኘ።

"እንዴት አድርገህ ብትለካው ነው?"

"ትንፋሽ ወስጄ።"

"ሥራ ላይ ስትሆንስ ትተነፍሳለህ አይደል?"

እስከ ማታ ድረስ ሁኔታው ያው ነበር። ራሳቸው እንደነገሩን ሴቶቹ ወገባቸውን ቀንሰው፣ ወንዶቹ ደረታቸውን ጨምረው ነበር የላኩት። በተላከው ልክ ቆርጠን ቢሆን ግማሹ አይገባም ነበር። ይህን ለጋሼ መቀስ በስልክ ነገርኳቸው። "ጨርቁን አልነካሁትም፤ ተመስገን" አሉ።

በሁለተኛው ቀን ያቺ የሰማንያ ሦስቷ ነርስ ከሌላ ክፍል ጓደኛዋን ይዛ ተመለሰች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ሰባ አራት ብዬ የላክሁት አሁን የት ነው ያለው?"

"የትም የለም።"

"ሲስተር ስልክ ላይም?"

"የማንም ስልክ ላይ የለም።"

"እሰይ!" ብላ አጨበጨበች። "ሰው ሁሉ ያየዋል ብዬ ተሳቅቄ ነበር። አሳዪኝ እስቲ፣ በየት በኩል ነው የሚደረገው?"

እትዬ ሜትሩን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው አሳየቻት። የገረመኝ ያን ሦስት ቀን ሰው ለማሳመን አንዲት ቃል አለመናገሯ ነው። ትለካለች፤ ሲጠይቋት ትመልሳለች። የማያደርገውንም ትናገራለች። ያቺ ከሌላ ክፍል የመጣችው ጓደኛ "እንግዲህ ምንም አያሰጋም ማለት ነው?" ስትላት "ያጠገብሽ ሰው ፎቶ ቢያነሣው ምን ያደርግልሻል? ከማይታመን ሰው አያድንሽም። ከአስተዋዋቂ ነው የሚያድንሽ" አለቻት። ልጅቷ እዚያው አንሶላ ተደግፋ አስገባችው። ሌሎቹ ቀድሞውኑ ለልኩ ሲሉ አስገብተውት ነበር፤ አሁን እናታቸውን፣ ባላቸውን፣ ጓደኛቸውን መጨመር ያዙ።

በመጨረሻ የተለካችው ኃላፊዋ ናት። እጇን ዘርግታ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጆቹ የበሽተኛ ነገር በድሮው ግሩፕ ይጽፋሉ። ተዉ ብዬ አፌ ደከመ። የፈረቃችንን ግሩፕ ወደዚህ ባመጣውስ?" አለች።

"አሳይዎታለሁ ሲስተር። መጀመሪያ ግን ትከሻዎን ዘና ያድርጉ፤ እንዲህ ከቆሙ እጅጌው ያጥርብዎታል።"

ስድስት ቀን ቀረን። ጋሼ መቀስ ቆረጡ፣ እትዬና ሁለቱ ሰፊዎች ሰፉ፣ እኔ ሦስት መቶ አራት ቁልፍ ተከልኩ። ጣቴ ላይ የስፌት ቆብ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ከመክፈቻው በፊት ባለው ቀን አስረከብን። ሁለት እጅጌ ብቻ ተመለሰ።

በማግስቱ ሻይ ስንጠጣ ጋሼ መቀስ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። "ውላችን ምን ነበር?" አሉ።

ሁለቱ ሰፊዎች እትዬን አዩ። ሥራው አምሯል፤ ነርሶቹ ግሩፓቸውን አዛውረዋል፤ አሁን ምን ይባላል? እትዬ ግን አልተከራከረችም።

"ካልተበላሸ ይገባሉ፣ ከተበላሸ ዝም እላለሁ። ተበላሽቶ ነበር፤ ሦስት ቀን አባክነናል። አሸንፈዋል።"

"ሥራው ግን አምሯል እኮ" አለች አንዷ ሰፊ።

"በእግራችን ነዋ ያማረው።"

ስፌት ቤቱ ወደ ድሮው አፕ ተመለሰ። እትዬም ዝም አለች። እንዲህ ዝም ማለት እንደምትችል አላውቅም ነበር። ደንበኛ መድረኩ ላይ ቆማ በድሮው አፕ ማስታወቂያ ስታማርር እትዬ አንገቷን ደፍታ ስፒሏን ትሰካለች። ጆሮዋ ብቻ ይቀላል።

ችግሩ ሰው መምጣቱ ነው። የነርሶቹ እናቶች፣ የነርሶቹ ጎረቤቶች። "እዚህ የምታሳይ ሴት አለች ተብዬ ነው" እያሉ ደረጃውን ይወጣሉ። እትዬ በጣቷ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ታመለክታለች። "ጋሼን ጠይቂያቸው። እኔ ቃል አለብኝ።"

"እኔ ምን አውቄ!" አሉ ጋሼ መቀስ በመጀመሪያው ቀን። ግን ያውቃሉ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሲሰሙት የኖሩት ነገር ነው። ሴትየዋ ተሳስታ ስታወራ ሰምተው ማለፍ አቃታቸው። "አይደለም፣ አይደለም። ድርጅቱ ራሱ አያነበውም። ላኪና ተቀባይ ብቻ!" ይላሉ። በአራተኛው ሰው ላይ በጠመኔ ጨርቅ ላይ እየሣሉ ያስረዱ ነበር። እትዬ ፊቷን ወደ መኪናዋ አዙራ ባዶ ጨርቅ ትሰፋለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት አሮጊት መጡ። ጋሼ መቀስ ሁሉንም አስረዷቸው። አሮጊቷ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ "እርስዎ አለዎት?" አሉ።

"የለኝም።"

"ታዲያ መልካም ነገር ከሆነ እርስዎ ለምን ተውት?"

ጋሼ መቀስ ጠመኔያቸውን አንሥተው ወደ ጨርቁ ዞሩ። አሮጊቷ አመስግነው ሄዱ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሁለት ኪስ አጣመው ቆረጡ።

በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ሳያወልቁ መጥተው ስልካቸውን እትዬ መኪና ላይ አስቀመጡ።

"አስገቢልኝ።"

"አልችልም ጋሼ። ቃል ገብቻለሁ።"

"ቃልሽን መልሼልሻለሁ።"

"በምስክር ፊት?"

"ይቺ ቁልፍ የምትተክለው ምን ሆና ነው?"

"ሰምቻለሁ" አልኩ።

እትዬ መነጽሯን አጸዳች። ንግግር ልትጀምር ነው ብዬ ፈራሁ። አልጀመረችም። "የድሮውን አይዝጉት" አለች በዝግታ። "ሁሉንም ሰው ዛሬ አይጥሩ። ቀን በቀን የሚያገኟቸውን ሦስት ሰዎች ይምረጡ።"

"ወንድሜ። ልጄ።" አሰቡ። "ሦስተኛዋ አንቺ ሁኚ እንግዲህ።"

"እኔ እዚሁ ሦስት እርምጃ ላይ አለሁ እኮ።"

"ምሳ ስትወጪ የት እንደምትገቢ አላውቅም።"

እትዬ እየሳቀች አስገባችላቸው። አፑ ከሚያውቋቸው ሰዎች መካከል እነማን ቀድመው እንዳሉበት ዘርዝሮ አሳያቸው። ጋሼ መቀስ ስልኩን ራቅ አድርገው ስም በስም እያነበቡ ሲወርዱ አንዱ ላይ ቆሙ።

"ልጄ አለችበት" አሉ። "መቼ ገባች?"

"እኔን ይጠይቁኛል?"

ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ስማቸው ሲመጣ አይታ ኖሮ ወዲያው ደወለች። ጋሼ መቀስ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ይሰማል!" አሉ እየጮኹ። "አዎ፣ እኔ ነኝ! እኔ ራሴ!" እትዬ እግሯን ከመኪናው አነሣች፤ ሁለቱ ሰፊዎችም አነሡ። እኔ የካውያውን ሶኬት ነቀልኩ። እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ብለን ተቀመጥን።